ኩዕባር የት ናት? የነጃሺዎች ከተማና መቃብር ፍለጋ ከራያ ቆላ ሲታይ

ከወልዲያ ተነስቶ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ የሚገባ መንገደኛ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮችን፣ በስተምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣውን ደጋ እያየ ይጓዛል። በመካከል የተዘረጋው ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት፣ ግመልና ከብት የሚነዳበት ሜዳ የራያ ቆላ ነው። በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ይህ አካባቢ አንጎት ከሚባለው ግዛት ጋር ተያይዞ ይነሳል። አንጎት የሚለው ስም ደግሞ ከሺህ ዓመት በፊት ከጠፋች ከተማ ፍለጋ ጋር ይያያዛል። የከተማዋ ስም ኩዕባር ነው።

ነገሩ እኛን ሙስሊሞችን በቀጥታ ይመለከታል። ኩዕባር የምትባል ከተማ መኖሯን የነገሩን ሰዎች ሙስሊም ጸሐፊዎች ናቸውና።

ከአስሐማ በኋላ የነገሡት የት ገቡ?

ብዙዎቻችን «ነጃሺ» ሲባል የሚታወሰን አንድ ሰው ነው፤ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦች ተቀብሎ ያስጠለለው አስሐማ። ቃሉ ግን የማዕረግ ስም ነው። በግእዝ «ነጋሢ» ከሚለው ጋር አንድ ሲሆን የሐበሻ ንጉሥ ሁሉ ይጠራበት ነበር። አስሐማ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ሲሞት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ሆነው እንደሰገዱበት በትክክለኛ ሐዲሥ ተዘግቧል። መቃብሩም በትግራይ ነጋሽ እንደሚገኝ በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ዘንድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር ኖሯል።

ታሪክ ባስተማርንባቸው ዓመታት ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ከእሱ በኋላ የነበሩትስ?» አክሱም በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳንቲም ማተም አቆመች። ላሊበላን የምናውቅበት የዛጉዌ ዘመን የመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በመካከል ያለው ዘመን በአገር ውስጥ ጽሑፍ እጅግ የሳሳ ነው። ይህንን ክፍተት ለመሙላት የሚሞክር ሰው ከያዛቸው ዋና ዋና ምስክሮች መካከል የዐረብኛ ኪታቦች ይገኛሉ።

አል-የዕቁቢ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጽፍ የነጃሺው መቀመጫ ኩዕባር እንደሆነችና ዐረቦች ለንግድ እንደሚሄዱባት ይጠቅሳል። አል-መስዑዲ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያንኑ ስም ይደግማል፤ ታላቅ ከተማ መሆኗንም ይጨምራል። በዘይላና በዳህላክ ጠረፍ ያሉ ሙስሊሞች በሐበሻው ንጉሥ ጥበቃ ሥር እንደሚኖሩም ይናገራል። ኢብን ሐውቀል ደግሞ በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን አንዲት ንግሥት «ሐዳኒ» የሚባለውን ንጉሥ ገድላ ሐበሻን እንደያዘች ጽፏል። «ሐዳኒ» በግእዙ «ሐፃኒ» ነው፤ በአክሱም ድንጋይ ላይ ስሙን ያስቀረጸው ዳንኤል የተባለ ገዢም በዚሁ ማዕረግ ይጠራል። የዐረብኛው ኪታብና የግእዙ ድንጋይ በአንድ ቃል ተገናኙ ማለት ነው።

አንጎት እንዴት ተነሳ?

እስካሁን ኩዕባርን ቆፍሮ ያገኘ የለም። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ከተማዋ በደቡብ ትግራይ ወይም በአንጎት አካባቢ ሳትሆን እንደማትቀር ገምተዋል። ሌሎች ደግሞ ስሙ ገልባጮች «አክሱም» ብለው መጻፍ ሲገባቸው ያሳሳቱት ሊሆን ይችላል ብለዋል። ስለዚህ የራያ ቆላና ዙሪያው ደጋ ከሚገመቱት ቦታዎች አንዱ እንጂ የተረጋገጠ ቦታ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ኩዕባር» እና «ቆቦ» የሚሉት ስሞች ለጆሮ ስለሚቀራረቡ አንዱን ከአንዱ ማገናኘት ያጓጓል። የድምፅ መመሳሰል ግን ማስረጃ አይሆንም። ከተማ በመሠረቱ፣ በሸክላ ስብርባሪው፣ በገበያው ቅሪትና በመቃብሩ ነው የሚታወቀው። ማስረጃው ከመሬት እስኪወጣ ድረስ «ኩዕባር እኛ ዘንድ ናት» ብሎ ማወጅ ነገ የሚያሳፍር ወሬ መዝራት ነው።

መሬት ሲቆፈር ምን ይገኛል?

ፍለጋው ከንቱ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። በሰሜን ሸዋ መንዝና አካባቢው ተመራማሪዎቹ ፎቬልና ፑዋሶኒዬ «የሻይ ባህል» ብለው የሰየሙትን የቀብር ሥርዓት አጥንተዋል። ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ ነው። በድንጋይ ክምር ሥር የተቀበሩት ባለሥልጣናት ክርስቲያንም ሙስሊምም አልነበሩም፤ ነገር ግን ከሩቅ አገር በንግድ የመጡ የመስተዋት ጨሌዎች አብረዋቸው ተገኝተዋል። «ደጋው በሙሉ የአንድ ሃይማኖት ነበር» የሚለውን የቆየ ትረካ ይህ ግኝት ነቅንቆታል።

ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርደን ይፋትን ስናይ ፎቬል፣ ሂርሽና ኢትዮጵያዊው ምሁር ደረሰ አየናቸው የተካፈሉበት ጥናት ኖራን፣ አስባሪንና መሰልን የመሳሰሉ የድንጋይ ከተሞችን ከነመስጂዶቻቸው መዝግቧል። በበሪ ይፋት ደግሞ የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወላስማ ሱልጣኖች መቃብር በላዩ ባለው የዐረብኛ ጽሑፍ ተለይቷል። በድሬዳዋ አቅራቢያ ሐርላ ላይ በቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጂድ አሳይቷል።

ለራያ የሚቀርበው ግን በስተሰሜን ያለው ነው። በመቀሌ አቅራቢያ፣ ኩሓ አካባቢ፣ ቢለት በተባለ ቦታ የሙስሊሞች የመቃብር ስፍራ አለ። ከኩሓ የተሰበሰቡትን የዐረብኛ የመቃብር ድንጋዮች ማድሌን ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1967 አሳተመቻቸው፤ በቅርብ ዓመታት ዡሊየን ሏዞ የሚመራው ቡድን ቦታውን አጥንቶታል። ድንጋዮቹ የሟቹን ስም፣ የዘር ሐረግና የሞተበትን ቀን ይዘዋል። ከ10ኛው እስከ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙስሊሞች በደጋው እምብርት ኖረው፣ ሞተው፣ በሥርዓት ተቀብረዋል ማለት ነው። ዘመኑ ኩዕባር ስሟ ከሚነሳበት ጋር ይገናኛል። ከዳህላክና ከቀይ ባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው የገባ ነጋዴ ቢለት ከደረሰ ወደ ደቡብ ወደ ራያ የማይቀጥልበት ምክንያት አይታየንም። ይህ ግምታችን ነው፤ የሚያረጋግጠው ወይም የሚሽረው ግን የመስክ ጥናት ብቻ ነው።

ሦስት አደጋዎች

አንደኛው ጦርነት ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም የነጃሺ መስጂድና የመቃብር ስፍራው በጦርነቱ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ቆቦና አካባቢዋም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ክረምት የውጊያ ሜዳ ሆነዋል። ምሽግ ሲቆፈር ከሥሩ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው ሰላማዊ መስሎ የሚመጣው ጥፋት ነው። እርሻ ይሰፋል፣ የመስኖ ቦይ ይወጣል፣ ለአጥርና ለቤት መሠረት ድንጋይ ይለቀማል። ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ከቦታው አንዴ ከተነሳ ግማሽ ምስክርነቱን ያጣል። «ወርቅ አለ» እየተባለ በሌሊት የሚቆፈር ጉብታ ደግሞ ጭራሽ አይመለስም።

ሦስተኛው ሙታንን ለድንበር ክርክር መጥራት ነው። ራያ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ደም አፍስሷል። ነገ አንድ ንጉሣዊ መቃብር ቢገኝ ሁሉም ወገን «ይኸው የእኛ» ለማለት እንደሚሽቀዳደም አያጠራጥርም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ነጃሺ ግን የዛሬን ክልል አያውቅም። መቃብሩ የክርስቲያን ይሁን፣ የሙስሊም፣ ወይም የሁለቱም ያልሆነ ሰው፣ የአገሩ ሰው ሁሉ አደራ ነው። እኛም ሙስሊሞች የተገኘውን ሁሉ ወደ ራሳችን መጎተት የለብንም። የኪታቦቻችን ምስክርነት የሚከበረው ሐቅን ስንይዝ ነው።

የሙታን ክብርና ጥናት

«መቃብር መቆፈር በሸሪዓ ይፈቀዳልን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የሟች ሰውነት እንደ ሕያው ሰው ሁሉ ክብር እንዳለው በሐዲሥ ተምረናል። በዚህ የተነሳ የሙስሊም መቃብር ያለ በቂ ምክንያት መነካት የለበትም። ይሁን እንጂ ድንጋዩን ማንበብ፣ ፎቶ ማንሳት፣ መለካትና መመዝገብ አጥንት መንካት አይደለም፤ አብዛኛው የቢለት ታሪክ የተነበበውም ከድንጋዮቹ ነው። ቁፋሮ የግድ ሲሆን የአካባቢው ዑለሞች አስቀድመው ሊማከሩ፣ ዐፅም ከተነሳም በክብር የሚመለስበት ሁኔታ በስምምነት ሊጻፍ ይገባል። በዝምታ ከሚመጣ ጠብ በፊት የሚደረግ ምክክር ይሻላል።

ሕጉም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ በሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅም ያስገድዳል። ስለዚህ ማሳው ውስጥ የተጻፈበት ድንጋይ ወይም ያልተለመደ የድንጋይ ክምር ያየ ገበሬ ሳያነሳው፣ ሳያጥበው፣ በፎቶ ይዞ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያመልክት። የመስጂድ ኢማሞች ይህን ለጀመዓው ቢያስረዱ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ሌላው ሥራ የእኛው ነው። የወሎ ሐሪማዎች ለዘመናት ዐረብኛ ያስተማሩ ናቸው። የወሎን እስልምና ታሪክ በሰፊው የጻፉት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ የአካባቢውን ሸኾች ቃልና የእጅ ጽሑፍ ከፍ አድርገው እንደ ምንጭ መጠቀም እንደሚቻል አሳይተውናል። ዛሬ የአል-የዕቁቢን ዐረብኛ ያለ አስተርጓሚ የሚያነቡ ደረሶች አሉን፤ የአርኪዮሎጂ ትምህርት ክፍል የገቡት ግን ምን ያህል ናቸው? የኩፊ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል የራያ ልጅ አካፋና ብሩሽ ይዞ ቢወጣ የአያቶቹን ድንጋይ ሌላ ሰው እስኪያነብለት አይጠብቅም።

ኩዕባር ቆቦ ሜዳ ላይ ትገኝ ይሆናል፤ ሌላ ቦታም ልትሆን ትችላለች። የትም ትሁን፣ እስክትገኝ ድረስ ድንጋዩ በቦታው፣ የሽማግሌው ቃል በመዝገብ፣ ኪታቡም ከብልና ከእሳት ተጠብቆ ሊቆይ ይገባል። ይህ ደግሞ ተመራማሪ እስኪመጣ የማይጠብቅ፣ ከዛሬ የሚጀመር ሥራ ነው። ወላሁ አዕለም።