«ነፋሻማ አየር» ለማን?

ጎጃም ደርሶ የተመለሰ አዲስ አበቤ ሁሉ አንድ ዜማ አለው፦ «አቤት አየሩ!» አውቶቡሱ ፍኖተ ሰላም ወይ ቡሬ ሲቆም ወርዶ ሳንባውን ሞልቶ ይመለሳላ! ጎበዝ፣ እስቲ ከአስፋልቱ ራቅ በሉና አንዱ ማጀት ገብታችሁ ተንፍሱ።

ምጣዱ ተጥዷል። ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጨሳል፤ መውጫ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የደቃቅ ብናኝ የዓመት አማካይ በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። እንዲህ ያለ ማጀት ይህን በብዙ እጥፍ ያልፈዋል። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም። ብናኙ ደም ውስጥ ይገባል፤ ጥናቶች ከድብርት ጋር ያያይዙታል። የላንሴት ኮሚሽንም በ2020 እ.ኤ.አ. የአየር ብክለትን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች ተርታ አስገብቶታል።

ታዲያ ጋጋሪዋ «ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ» ስትል መልሳችን ምንድን ነው? «ቻይው!» ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ወዲህ ደግሞ የጦርነቱ ፍርሃት ተደርቦባታል። አንድ ጭንቅላት ስንቱን ይቻል?

«ባህላችን ነው» የምትሉ አትጠፉም። እንጀራው ባህላችን ነው፤ ጭሱ ግን ድህነታችን ነው። ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምድጃ ይረዳል፤ ከጭሱ የሚገላግላት ግን መብራት ነው።

በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴን ግድብ አስመረቅን። እሰየው! የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ ያለው ሰከላ፣ እዚያው ምዕራብ ጎጃም ነው። ውኃውን የሰጠ አገር እስከ መቼ በኩበት ይጋግር? መልሱን ሳትይዙ ስለ አእምሮ ጤና አትስበኩን።