ለመስቀል የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይዛችሁ ለምትገቡ

ወንድሜ ከመርካቶ ደውሎ "ዘንድሮ ለመስቀል ለእማዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይዤ ነው የምመጣው፣ ያውም ፉል አውቶማቲኩን፣ ከፊት የሚከፈተውን" አለኝ። እግዜር ይስጠው። ግን ስልኩ ላይ ተከራከርን። ክርክሩን እዚህ ያመጣሁት እንደሱ አስባችሁ ወደ ወልቂጤ የምትገቡ ስለማትጠፉ ነው።

ፉል አውቶማቲክ የተሠራው ቧንቧው ለማይደርቅበት ቤት ነው። ወልቂጤ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ አደባባይ የወጣባት፣ ለውሃ ጥያቄ የሰው ሕይወት የጠፋባት ከተማ ናት። እኛ ሰፈር ዛሬም ውሃ ሲመጣ ሌሊት ተነስተን ነው የምንቀዳው። "ሮቶ እናስገባለን" ይላል ወንድሜ። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ገደማ ነው፤ ብዙ ማሽኖች ደግሞ ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ። የአምስት ሜትር ማማ ልንሠራ ነው እንግዲህ! መብራት መሃል ላይ ከጠፋስ? ልብሱ ከነአረፋው ውስጥ ይቀራል፤ በሩን ልክፈት ብትሉ ውሃው ቤቱን ይሞላዋል።

እኔ የምለው ባለ ሁለት ክፍሉን፣ ሰሚ አውቶማቲኩን ነው። በጀሪካን ትሞሉታላችሁ፣ ታዞሩታላችሁ፣ በቃ። አዎ፣ ልብሱን ወደ መጭመቂያው በእጅ ማዛወር አለ። ውሃም ከዚያኛው በላይ ሊጠጣ ይችላል። ግን ያንኑ የኦሞ ውሃ መጀመሪያ ለነጩ፣ ቀጥሎ ለባለቀለሙ፣ መጨረሻ ለሥራ ልብስ ትጠቀሙበታላችሁ። የማለቅለቂያው ለሽንት ቤት ይሆናል። ፉል አውቶማቲኩ ያጠበበትን ወዲያው ነው የሚደፋው።

ወንድሜ ይሄን ሁሉ ሰምቶ "ጎረቤት ምን ይላል? ከአዲስ አበባ ያመጣው ይሄን ነው ወይ ይሉኛል" አለኝ። ለካ ነገሩ ወዲህ ነው።

የእማዬ ጥያቄ ከሁለታችንም ይሻላል፦ "ጋቢ ይጨምቃል ወይ?" እጇን የጎዳው ማሸቱ ሳይሆን እርጥብ ጋቢና ብርድ ልብስ መጠምዘዙ ነው። ባጠበች ማግስት ሲኒ መያዝ ያቅታታል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ኪሎ አይታችሁ አትመለሱ፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የማጠቢያው ነው። የመጭመቂያው ያንሳል፣ ለብቻው ጠይቁ። በሚተርፋችሁ ብር ደግሞ ክዳን ያለው ትልቅ በርሜል ግዙላት።