ፒያሳ ሲፈርስ ታሪካችንን ማን ይጽፈዋል?

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሰ። የብዙዎቻችን ክርክር ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቤት ነበር፤ ተገቢም ነው። ዛሬ ግን ብዙም ያልተነሳ ጥያቄ እናንሳ፦ በአራዳ የኖሩትና የነገዱት ሙስሊሞች ታሪክ የት ተጽፎ ይገኛል?

ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውር ድረስ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ ነበር። የየመን አረቦችና ሕንዳውያን ሙስሊሞች ከአገሬው ነጋዴ ጋር ጎን ለጎን ይሸጡ ነበር። የከተማው ሰው የሰፈሩን ሱቅ "አረብ ቤት" ማለት የለመደው ከየመኖቹ የተነሳ ነው። በደርግ ዘመን ብዙዎቹ አገር ለቀው ሲሄዱ ትዝታው በሽማግሌዎች አፍ ላይ ብቻ ቀረ።

ይህን ታሪክ በብዕር ካቆዩልን ጥቂት ምሁራን አንዱ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። በ2001 ዓ.ም. ወደ አኺራ እስከሄዱ ድረስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምረዋል። ስለ ኢትዮጵያ የየመን አረቦች ጽፈዋል፤ በረመዳን በአንዋር መስጂድ ዙሪያ ስለሚዘረጋው ገበያም እንዲሁ። ሌላው የዕለት ግርግር ብሎ የሚያልፈውን እሳቸው የታሪክ ማስረጃ አድርገው አዩት።

ዋናው ሥራቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና ያዘጋጁት መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በኔዘርላንድ ታተመ። ለዚህ ሥራ በየመንደሩ ሽማግሌ ጠይቀዋል፤ የመሻይኾችን የእጅ ጽሑፍ መርምረዋል። የወሎ እስልምና በአገሬው ዑለማዎች፣ በሐድራና በደረሳ የጸናና የታደሰ መሆኑን አሳይተዋል።

ስለ አረብ ምሁራን ስናወራ የፍልስጤሙን ኤድዋርድ ሰዒድን እናነሳለን። ምዕራባውያን ስለ ምሥራቁ የጻፉትን እንዴት እንደመረመረ እናደንቃለን። ፕሮፌሰር ሁሴንም የውጭ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ እስልምና የጻፉትን መርምረዋል፤ ሙስሊሙን ከአገሩ ታሪክ ዳር ላይ የሚያስቀምጠውን አመለካከት ተችተዋል። ከሁለቱ ግን በየመድረካችን ስሙ የሚጠራው የሩቁ ነው።

አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። የፕሮፌሰሩ ዋና ዋና ሥራዎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ፣ የታተሙትም በውጭ መጽሔቶችና አሳታሚዎች ነው። መርካቶ ያለ ነጋዴ ወይም የመድረሳ ተማሪ በቀላሉ አያገኛቸውም። ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን ስንፍና ነው። ለመስጂድ ግንባታ ገንዘብ ማሰባሰብ እናውቅበታለን፤ ለመጽሐፍ ትርጉም ስንጠየቅ ግን እጃችን ያጥራል።

ሰነድ የሌለው ማኅበረሰብ መብቱን ሲጠይቅም ይቸገራል። የወቅፍ ቦታ ክርክር ሲነሳ የሚያዋጣው ወረቀት ነው፤ "አባቶቻችን እዚህ ሰግደዋል" ማለት ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ ሥራው ሳይውል ሳያድር ይጀመር። ከፒያሳ የተነሱ ቤተሰቦች የድሮ የንግድ ፈቃድ፣ የኒካሕ ወረቀት፣ ፎቶና ኪታብ ካላቸው አይጣሉት። የኑር (በኒ) መስጂድ ጀማዓ ሽማግሌዎቹን በድምፅ ይቅረጽ። መጅሊሱ የፕሮፌሰሩን ሥራዎች ሕጉን ጠብቆ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉም ኮሚቴ ያቋቁም። የታሪክ ተማሪዎቻችንም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርዕስ ከአራዳ ይምረጡ።

ቤቱ ፈርሷል፤ በቤቱ የኖሩት ግን ገና በመካከላችን አሉ። ዛሬ ካልጠየቅናቸው ነገ የምንጠይቀው አናገኝም።

ወላሁ አዕለም።