ሳይቸግር ጤፍ ብድር?

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ጀምሮ ፋይል የሚነካው «ፋይል» በሚባለው ክላስ ነበር። በጁላይ 2011 ከጃቫ 7 ጋር «ፓዝ» እና «ፋይልስ» መጡ። የቆየ ኮድ ወደ አዲሶቹ ይሻገር ወይስ ባለበት ይቆይ? በአንድ ክፍል የሚሠሩ ሁለት ፕሮግራመሮች እዚህ ይሟገታሉ። እሷ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሳቸው ፀጉራቸውን በዚሁ ሥራ አሽብተዋል።

ይሻገር

ጋሼ «ዝም አይነቅዝም» ማለት ይወዳሉ። ስብሰባ ላይ ያዋጣ ይሆናል። ፋይል ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ሲነቅዝም አይቻለሁ።

የአሮጌው ክላስ ጠባይ እንዲህ ነው። ፋይል አጥፋ ብለው «ዲሊት»ን ሲጠሩት ካቃተው «ፎልስ» ይመልሳል፣ በቃ። ፋይሉ ስለሌለ ይሁን፣ ፈቃድ ስለተነፈገ፣ ፎልደሩ ባዶ ስላልሆነ፣ ወይም ዊንዶውስ ላይ ሌላ ፕሮግራም ስለያዘው አይናገርም። ያቺን «ፎልስ» ደግሞ ዞር ብሎ የሚያያት የለም፤ ኮምፓይለሩም እያት ብሎ አያስገድድም። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ አንድ ሰርቨር ዲስኩ ሞልቶ ቆመ። ገብተን ብናይ ደንበኞች የጫኑት ጊዜያዊ ፋይል ሁሉ እዚያው ተከምሯል። የሚገርመው መዝገቡ ነው፦ ኮዱ እያንዳንዱን «ጠፍቷል» እያለ በትጋት ጽፎ ኖሯል። «ፋይልስ» ላይ ያለው «ዲሊት» ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይጮህ ነበር። ጩኸቱም ስም አለው፤ ፋይሉ የለም፣ ፈቃድ ተከልክሏል፣ ፎልደሩ ባዶ አይደለም እያለ ለይቶ ይናገራል።

ውሸቱ በዚህ አያበቃም። የሌለ ፋይል መጠኑ ስንት ነው ብለው አሮጌውን ቢጠይቁት ዜሮ ይላል። መቼ ነው የተሻሻለው ቢሉት አሁንም ዜሮ ይላል፤ ያ ዜሮ በእኛ አቆጣጠር ሲመነዘር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። «የለም» ማለት አቅቶት ልደት ይሰጠዋል።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ የባሰ አለ። ብዙ ዶከር ኮንቴነሮች የቋንቋ ቅንብር ሳይሰጣቸው ይነሣሉ፤ ያኔ ሊኑክስ ላይ ያለው ጃቫ የፋይል ስም የሚያውቀው በአስኪ ፊደላት ብቻ ነው። በአሮጌው ክላስ «አበበ» የሚል ፋይል ሲጽፉ ሦስቱ ፊደላት ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆነው ዲስኩ ላይ ያርፋሉ። ቀጥሎ «ከበደ» ሲመጣ እሱም ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው። ስለዚህ ከበደ አበበ ላይ ይጻፋል። ስህተት አልተነሣም፣ መዝገብ ላይ ምንም የለም፣ አበበ ግን ጠፋ። በጃቫ 18 የፋይል ይዘት ነባሪ አጻጻፍ ዩቲኤፍ-8 ሆኖልናል፤ የፋይል ስም ግን በዚያ አልተነካም። «ፓዝ» በዚህ ቦታ ስሙን ገና ሲያየው አልቀበልም ይላል። እኔ አልቀበልም የሚል ሠራተኛ እመርጣለሁ።

አንድ ልጨምር፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደውን። አሮጌው ክላስ ሲምቦሊክ ሊንክ የሚባለውን ነገር አያውቀውም። ሊንኩ የሚያመለክተው ፎልደር ከሆነ «ፎልደር ነው» ይላል። ፎልደርን ከነልጆቹ የሚያጠፋ የድሮ ኮድ ሊንኩን ተከትሎ ይገባና ጎረቤት ያለውን የሌላ ሰው ንብረት ይጠርጋል። «ፋይልስ» ላይ ያለው «ዎክ ፋይል ትሪ» ግን ተከተል ካልተባለ በቀር ሊንክ አይከተልም።

ይቆይ

ያነሣሽው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱንም አልክድም። ከሊንኩ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 23 ድረስ ደርሶብኛል። የማልቀበለው መድኃኒቱን ነው። አንቺ የምትይው በመቶ የሚቆጠሩ ክላሶች ከፍተን «ፋይል» ያለበትን ሁሉ «ፓዝ» እናድርግ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል አባቶች።

ዝምታን ጠልተሽ ከሆነ የምትሸሺው ወደማን እንደሆነ እይ። አሮጌው ኮድ የፋይሉን ስም ያወጣና በነጥብ ኤክስኤምኤል ይጨርሳል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ልጆቻችን ሲያሻግሩት ስም ማውጣቱ ትርፍ ይመስላቸውና «ኤንድስ ዊዝ» የሚለውን በቀጥታ «ፓዝ» ላይ ይጠሩታል። ሜተዱ አለ፣ ስሙ ያው ነው፣ ኮምፓይለሩ በደስታ ያሳልፈዋል። ነገር ግን «ፓዝ» ላይ ያለው «ኤንድስ ዊዝ» የሚያነጻጽረው ፊደል ሳይሆን በስላሽ መካከል ያለውን ሙሉ ስም ነው። «ደመወዝ ነጥብ ኤክስኤምኤል» በ«ነጥብ ኤክስኤምኤል» ይጨርሳል ወይ ብትዪው አይጨርስም ይልሻል። ሁልጊዜ። ያለ ምንም ጩኸት። ማታ የሚሮጠው ሥራ ፎልደሩን ይከፍታል፣ የሚፈልገውን አላገኘሁም ብሎ በሰላም ይዘጋል። ከአሮጌው ዝምታ በምን ተሻለ?

ስለ አበበና ከበደም መልስ አለኝ። «ፓዝ» አልቀበልም ሲል የሚወረውረው ኤክሴፕሽን ከፋይል ስህተቶች ዘር አይደለም። እኛ ፋይል የሚነካውን ኮድ ሁሉ የከበብነው «አይኦ ኤክሴፕሽን»ን በሚይዝ አጥር ነው፤ ይኼኛው በአጥሩ ላይ ዘሎ ያልፋል። ደግሞም የሚነሣው ፋይሉ ሲከፈት ሳይሆን ስሙ ገና «ፓዝ» ሲደረግ ነው፤ አሮጌው ኮድ በዚያ መስመር ላይ ወድቆ አያውቅም። አንድ ተጠቃሚ ዊንዶውስ ላይ በሰነዱ ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት ቢያስገባ፣ ትናንት ሲከፈት ብቻ «አልተቻለም» ይባል የነበረው ዛሬ ማንም ባልጠበቀው ቦታ ይፈነዳል። የኮንቴነሩን ችግር የሚፈታው ደግሞ የቋንቋ ቅንብሩን ዩቲኤፍ-8 የሚያደርግ አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር እያለ በመቶ የሚቆጠር ክላስ?

የ«ፋይልስ ሊስት»ንስ? አሮጌው የፎልደሩን ዝርዝር ሰጥቶሽ ይሄዳል። አዲሱ የሚሰጥሽ ስትሪም ሥሩ ክፍት ፎልደር ይዟል፤ ራስሽ ካልዘጋሽው እንደተከፈተ ይቀራል። ላፕቶፕ ላይ ምንም አይታይም። ፕሮዳክሽን ላይ ቀናት ያልፉና ሰርቨሩ «ከልክ ያለፈ ፋይል ተከፍቷል» ብሎ ይወድቃል። ሌላም አለ፦ አሮጌው «ሰሪያላይዝ» ይሆናል፣ «ፓዝ» አይሆንም፤ በኔትወርክ የምንልካቸው ዕቃዎች ውስጥ ስንቶቹ «ፋይል» ይዘው እንደሚሄዱ ቆጥረሽ ታውቂያለሽ?

አዲሱን የነደፉት ሰዎች ሥራውን የጀመሩት በ2003፣ ያወጡት በ2011 ነው። ስምንት ዓመት አስበው አሮጌውን አልሻሩትም፤ እስከ ዛሬም «ዲፕሪኬትድ» የሚል ምልክት አልተለጠፈበትም። ይልቅ «ቱ ፓዝ» የሚል ድልድይ ሠሩለት። የምልሽ ይኸው ነው፦ «ፋይል»ሽን ይዘሽ ቆይ፣ ማጥፋት ስትፈልጊ ብቻ በድልድዩ ተሻግረሽ አዲሱን «ዲሊት» ጥሪ። ያን ካደረግሽ ያ የሞላ ዲስክሽ ድኗል፤ የቀረው ቤት ሳይታመስ።

መልስ

ድልድዩ ጥሩ ነው፤ እኔም በየቀኑ እመላለስበታለሁ። ችግሩ ድልድይ ላይ ቤት መሥራት ስንጀምር ነው። ጋሼ እንዳሉት ያደረገ ኮድ አለን፤ ግማሹ ክፍል «ፋይል» ይቀበላል፣ ግማሹ «ፓዝ» ይመልሳል፣ በመካከል በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚለወጥ አለ። ተመላሹ መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ዚፕ ውስጥ ያለ «ፓዝ» ወደ «ፋይል» ተመለስ ሲባል አይሆንልኝም ብሎ ይወድቃል።

ያ አጥር የሚዘል ኤክሴፕሽን እውነት ነው፤ እሱ ላይ ተሸንፌያለሁ። ሰው የተየበው ስም በሚገባበት በር ላይ ሁሉ ለብቻው መያዝ አለበት። ይህን ጻፉልኝ። ግን አጥር የሚዘለው አበበን አድኖ ነው።

የቋንቋ ቅንብሩን በአንድ መስመር ማስተካከልም ልክ ነው፤ ሰው እስኪረሳው ድረስ። ኮንቴነር የሚያነሣውና ኮድ የሚጽፈው በእኛ ዘንድ አንድ ሰው አይደለም። ቀጣዩ ሰው ያችን መስመር ሲረሳ ምን እንዲሆን ይፈልጋሉ? አዲሱ ኮድ ገና በማለዳው ይቆምና ስልክ ያስደውላል። አሮጌው ይሠራል፤ በሰው ስም ላይ የሌላ ሰው ስም እየጻፈ።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አላልኩም። ማጥፋትና ማዛወር ያለበት ይቅደም፣ ንባብ ብቻ ያለበት ዓመትም ይቆይ። ማዛወሩ ላይ ደግሞ አሮጌው «ሪኔም ቱ» ሊኑክስ ላይ በቦታው የነበረውን ፋይል ሳይጠይቅ ይደመስሳል፣ ዊንዶውስ ላይ አልችልም ሊል ይችላል። ያው አንድ ኮድ፣ ሁለት ጠባይ። የአዲሱ «ሙቭ» ተካ ካላሉት አይተካም፤ ወይ ሙሉ በሙሉ አዛውር ወይ ተው ሲባልም እንደተባለው ያደርጋል፣ ካልቻለ ይናገራል።

የመልስ መልስ

ማጥፋትና ማዛወር ይቅደም ካልሽ ልዩነታችን ጠበበ፤ ግን አላለቀም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ «ይቆይ» ስትዪ ተራ መጠበቁ ነው፣ እኔ «ይቆይ» ስል ማንም አይንካው ማለቴ ነው። ለሚነካው ክላስ ሁሉ በቅድሚያ ቴስት ይጻፍለት፤ ቴስት የሌለውን የሚያሻግር ልጅ እኔ ዘንድ ፈቃድ አያገኝም። እስከዚያው ግን ያለፈው ወር ያሻገራችሁትን ኮድ ክፈቺና «ኤንድስ ዊዝ» ብለሽ ፈልጊ። ዛሬ ማታ።

ፈለግሁ፣ ጋሼ። ሁለት ቦታ አገኘሁ፤ አንዱ የእኔ ነው። ታረመ፣ ቴስትም ተጻፈለት። እርስዎም ፎልደር ከነልጆቹ የሚያጠፋውን ኮድዎን ክፈቱትና ሊንክ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ እዩልኝ። እሁድ ሌሊት የሚሮጠውን።