የኮባር ግቦችና የብሔራዊ ቡድኑ የግብ ድርቅ
የኮባሩ አል ቃድሲያ እ.ኤ.አ. በ2024/25 የሳዑዲ ሊግን በአራተኛነት ሲያጠናቅቅ፣ ለሜክሲኮ የሚጫወተው ኪኞኔስ 20፣ ጋቦናዊው ኦባሜያንግ ደግሞ 17 ግቦችን ከመረብ አሳርፈዋል። በአንጻሩ የሳዑዲ ብሔራዊ ቡድን በእስያ ሦስተኛ ዙር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በ10 ጨዋታዎች ያስቆጠረው 7 ግብ ብቻ ነበር።

ጥሩ ምት ደጋፊ እግርን ከኳሱ ጎን መትከልን፣ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ መያዝንና ደረትን ወደ ኳሱ ማዘንበልን ይጠይቃል፤ ይህን በዳማም ሜዳዎች ከሥራ በኋላ የሚጫወት ሁሉ ሊለማመደው ይችላል። በተከላካዮች ተከቦ በቅጽበት መወሰን ግን በፉክክር ጨዋታ ብቻ የሚዳብር ነው። የቀድሞው አሠልጣኝ ማንቺኒ በ2024 የሳዑዲ ተጫዋቾች በክለቦቻቸው በቂ የመሰለፍ ዕድል አያገኙም ሲሉ ያሰሙት ቅሬታ ክብደት የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። በ2025 አል ቃድሲያ የጣሊያን ሴሪ አ ኮከብ ግብ አግቢ የነበረውን ሬቴጊን አስፈርሟል። ክለቡ ተጠቅሟል፤ ለወጣቱ የአገር ውስጥ አጥቂ ግን የመሰለፊያው በር ይበልጥ ጠቧል።