መሸምደድና ማወቅ

የዜግነት ትምህርት ማስተማር ቀላል ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። ማስታወሻውን ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ተማሪውን ማስገልበጥ፣ ከዚያ በፈተና መጠየቅ፤ አለቀ! እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ምክንያታችንንም በአሜሪካ መንግሥት አወቃቀር ምሳሌነት እናስረዳለን።

እንደሚታወቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የተረቀቀው እ.ኤ.አ. በ1787 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሕገ መንግሥቱ ሥልጣንን በሦስት ይከፍላል። ኮንግረሱ ሕግ ያወጣል፤ ፕሬዚዳንቱ ያስፈጽማል፤ ፍርድ ቤቱ ይተረጉማል። ኮንግረሱ 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 100 አባላት ያሉት ሴኔት አለው። ፕሬዚዳንቱ የቀረበለትን ሕግ አልፈርምም ብሎ ሊመልስ ይችላል። ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከደገፉት ግን ያለ እሱ ፊርማ ይጸድቃል። ጎበዝ ተማሪ ይህን ሁሉ በሁለት ክፍለ ጊዜ ይሸመድደዋል። ታዲያ የሸመደደ ሁሉ ዐወቀ ማለት ነው?

የአገሪቱ የራሷ ታሪክ አይደለም ይላል። በ1870 የጸደቀው 15ኛው ማሻሻያ ማንም ዜጋ በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም ቀድሞ ባሪያ በመሆኑ የመምረጥ መብቱን እንዳይነፈግ ደነገገ። በወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። በተግባር ግን የደቡብ ግዛቶች በምርጫ ግብርና በንባብ ፈተና ጥቁሮችን ከምርጫ አገዷቸው። ለምሳሌ ያህል በሳውዝ ካሮላይና በቂ ግብር የሚከፈልበት ንብረት የሌለው ሰው ለመመዝገብ ከግዛቱ ሕገ መንግሥት አንድ ክፍል ማንበብ ነበረበት። ይኸውም ደህና ትምህርት ቤት በተነፈገው ሕዝብ ላይ ነው! ሕገ መንግሥትን ማንበብ በር መዝጊያ ሆነ ማለት ነው።

በሩን እንዲከፈት ካደረጉት ሰዎች አንዷ የሙያ ጓደኛችን ናት፤ መምህርት ሴፕቲማ ክላርክ። በ1956 ለጥቁሮች መብት ከሚታገለው ብሔራዊ ማኅበር አልወጣም በማለቷ ለብዙ ዓመታት ካገለገለችበት የማስተማር ሥራዋ ተባረረች። እሷና ባልደረቦቿ በጥር 1957 በጆንስ ደሴት ላይ በአንድ የኅብረት ሱቅ ጓሮ ክፍል ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ከፈቱ። እንድታስተምር የተመረጠችው በርኒስ ሮቢንሰን ሙያዋ ፀጉር ሥራ ነበር። ገበሬውን የማትንቅ ሰው ነበረቻ!

ሮቢንሰን ይዛ የመጣችው የሕፃናት መማሪያ ለጎልማሶቹ እንደማይሆን ስታይ ተወችውና ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ስማችንን መጻፍ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፣ ቅጽ መሙላት አሉ። ከዚያ ጀምራ ወደ ሕገ መንግሥቱ አደረሰቻቸው። ትምህርቱም በመላው ደቡብ ተስፋፋ። የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ደግሞ ሳውዝ ካሮላይናን ጨምሮ በብዙ የደቡብ ግዛቶች የንባብ ፈተናውን አገደ።

እኛ ከዚህ የምንወስደው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ትምህርቱ ከተማሪው ኑሮ ጋር የት እንደሚገናኝ አስቀድሞ መጠየቅ። ሁለተኛ፣ ስለ ሕጉ ከተጻፈው ማስታወሻ በፊት ሕጉን ራሱን ማስነበብ፤ አንዲት አንቀጽም ብትሆን። ሦስተኛ፣ «ሦስቱን የመንግሥት ክፍሎች ዘርዝር» በማለት ፈንታ «ማን ማንን፣ በምን ይገታል? ባይገታውስ ማን ይጎዳል?» ብሎ መጠየቅ።

«ፈተናው ይህን አይጠይቅም፤ ክፍለ ጊዜውም አጭር ነው» የሚሉን አሉ። ማስታወሻ አይጻፍ አላልንም፤ መጽሐፍ በሌለበት ክፍል የግድ ነው። ነገር ግን ሕግ ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ የገባው ተማሪ ሁለት ሦስተኛውን አይረሳም። የሸመደደው ግን በፈተናው ማግስት ይረሳዋል።

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ሁለቱንም መንገድ ሞክረን እንየው። ሐሳባችንን የማይቀበል ካለ፣ ዕጩ መምህርም ይሁን አስተማሪ፣ መልሱን እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን። በደስታ እናነባለን።