ማንጎው የሚበሰብሰው ስኳር ስለጠፋ አይደለም!

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ሰሞኑን ማንጎ ደርሷል። በየግቢው ከዛፍ ሥር የወደቀውን ዝንብ ወርሮታል። ገበያ የወጣውም ወደ ማታ ላይ "በፈለጋችሁት ውሰዱት" ይባላል። ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ ያንኑ ማንጎ ዋጋ ጠይቀን እንደነግጣለን። ለምን አታቆዩትም ስትሉ መልሱ ያው ነው፦ "ስኳር ከየት አባቱ ይመጣል?"

እውነቱን እንነጋገር ካልን ይህን መልስ ያስተማርናቸው እኛው "ተማርን" የምንለው ነን። እኔ በተገኘሁበት ስልጠና የተሠራው ማርማላታ ነበር። አንድ ኪሎ ፍሬ፣ አንድ ኪሎ ስኳር! ስኳር በሸማቾች መጣ ሲባል ወረፋ ለሚይዙ እናቶች ይሄ ስልጠና ነው ቀልድ? ደግሞም ከግማሽ በላይ ስኳር የሆነ ነገር ለልጅ ዳቦ ላይ ቀብቶ "ፍራፍሬ አበላሁት" ማለት ራስን ማታለል ነው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ኦስሞሲስን አልረሳችሁትም ብዬ ልመን። ስኳር አስማት የለውም። የፍሬውን ውሃ ይይዝና ሻጋታና ባክቴሪያ እንዳይጠቀሙበት ያደርጋል፣ አለቀ። ታዲያ ውሃውን ራሱን ካወጣነው ስኳሩ ምን ያደርግልናል? የማንጎ ሥጋ 83 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። የሚያበሰብሰው እሱ ነው።

ይሄን ደግሞ ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን። ከማንጎ ቀድሞ የሚበላሸውን ሥጋ ቋንጣ አድርገን እናቆያለን። እንጀራ ሲተርፍ ድርቆሽ እናደርጋለን። በርበሬ እናሰጣለን። የቋንጣ አገር ሰው "ማንጎ ማቆየት አልችልም" ሲል ያሳፍራል!

አሠራሩ ይኸውላችሁ። በስሎ ያልላመ ማንጎ አጥቦ መላጥ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር አድርጎ መቁረጥ። ሎሚ በተጨመቀበት ንጹህ ውሃ ነከር አድርጎ ማውጣት። ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ዘርግቶ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በስስ መጋረጃ ሸፍኖ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ። (አደራ፣ ለወባ የታደለውን አጎበር እንዳትጠቀሙ፤ መድኃኒት አለበት!) ጤዛ እንዳይመታው ማታ ማታ ቤት ማስገባት። ፀሐዩ ደህና ከሆነ ከሁለት እስከ አራት ቀን ይበቃዋል። ሲያጥፉት እንደ ቆዳ ከተጣጠፈና እርጥበት ካላወጣ ደርሷል። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ከድኖ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ወዝወዝ እያደረጉ ማየት ነው። ጠርሙሱ ላብ ካወጣ ተመልሶ ወደ ፀሐይ። ከ3 ኪሎ የተላጠ ሥጋ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ታገኛላችሁ።

አሁን የሚመጣውን አውቃለሁ።

"ያለ ስኳር አይጣፍጥም።" ቅመሱትና ተናገሩ! የራሱ ስኳር ስለሚሰበሰብ እንዲያውም ከእርጥቡ ይጣፍጣል። በዚህም ምክንያት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እንደ ቆሎ አይዘግነው።

"ይጠቁራል።" ሎሚው ይቀንሰዋል። ትንሽ መጥቆር መበላሸት አይደለም፤ መበላሸት ማለት መሻገት ነው። የሻገተውን ጣሉት።

"ዩቲዩብ ላይ ጠርሙስ ውስጥ ቀቅለው ሲያሽጉ አይተናል።" እዚህ ላይ ቆም በሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በቆላ አገር ሰው ደቂቃ እዚህ ማሸግ አያዋጣም። በተለይ ፓፓያ፣ ሙዝና አቮካዶ አሲዳቸው አነስተኛ ስለሆነ በደንብ ሳይሠሩ ከታሸጉ ገዳይ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊበቅልባቸው ይችላል። ሙዝና ፓፓያን ግን እንደ ማንጎው ማድረቅ ይቻላል።

"ፋብሪካ ቢተከል ነበር።" ይተከል፣ ማን ጠላ? ግን ሰፌድና ፀሐይ ያለው ሰው ፋብሪካ እስኪመጣ ማንጎውን ለዝንብ የሚያስረክብበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ አስተማሪ ነኝና የቤት ሥራ ሳልሰጥ አልሄድም። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሳይቀድመን በዚህ ሳምንት አንድ ሰፌድ ብቻ ሞክሩ። የሞከራችሁ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። "አይሆንም" የምትሉም ኑ፣ ግን ሞክራችሁ ኑ!